በንጉሡ ሠ ነው በእሳቱ? የባልደረባን ስም ደጋግሞ ስለማሳሳትና ስለ ይቅርታው

የሥራ ባልደረባን ስም አንዴ አሳስቶ መጻፍ የጣት ስሕተት ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። ያው ስሕተት በአምስተኛው ደብዳቤ ላይም ሲደገም ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ባለቤቱ በየኢሜይሉ ግርጌ ስሙን አስተካክሎ ጽፎ ይልካል፤ እናንተ ደግሞ በመልሳችሁ አናት ላይ አበላሽታችሁ ትመልሱለታላችሁ። ዝም የሚለው ግድ ስለሌለው አይደለም፤ ይሉኝታ ይዞት ነው። «ስሜን አስተካክለህ ጻፍ» ማለት በብዙ መሥሪያ ቤት ራስን እንደማካበድ ስለሚቆጠር ሰው ለዓመታት ችሎ ያልፈዋል።

ይቅርታው ራሱ ከሁለት ከሦስት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። አድካሚው ከፊቱና ከኋላው ያለው ሥራ ነው፦ ትክክለኛውን አጻጻፍ ማረጋገጥ፣ ከዚያም የተሳሳተው ስም የተሸሸገበትን ቦታ ሁሉ አድኖ ማረም። ይህ ካልተሠራ፣ ዛሬ ይቅርታ የተባለበት ስም በሳምንቱ ከነስሕተቱ ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛው ይቅርታ ደግሞ ከመጀመሪያው በእጅጉ ይከብዳል።

ለመሆኑ ስሕተቱ ከየት ይመጣል? በአማርኛ ለ«ሀ» ድምፅ ብቻ ስድስት ፊደል አለን፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ለ«አ» አራት፦ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። «ሰ» እና «ጸ» ደግሞ እያንዳንዳቸው ድምፅ ተጋሪ አላቸው። ሒሳቡን ሥሩት፦ «ፀሐይ» በአሥራ ሁለት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ አንባቢው ግን ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። «ትዕግሥት» ዕ፣ እ ወይም ሁለቱንም ትቶ፣ በሥ ወይም በስ ሲጻፍ ስድስት ይሆናል። «ኃይለ ሥላሴ» ተያይዞም ተለያይቶም ስለሚጻፍ ሃያ አራት ይደርሳል። ባለቤቱ የሚፈርመው ከእነዚህ በአንዱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አጥፊዎች አሉ። አንደኛው «ድምፁ ያው አይደል?» ባይ ነው። ሁለተኛው ግእዝ የቀመሰው አራሚ ነው። በእኔ አስተያየት የሁለተኛው ጥፋት ይብሳል፤ ምክንያቱም ዐውቆ ነው የሚቀይረው። እውነት ነው፣ ከሥራቸው ሲታዩ ሥዩም፣ ንጉሤና ሠናይት በንጉሡ ሠ ይጻፋሉ፤ ሰላምና ሰሎሞን በእሳቱ ሰ። ሐናና ሕይወት በሐመሩ ሐ፣ ኂሩትና ኅሩይ በብዙኃኑ ኀ፣ ሀብታሙና ሃይማኖት በሃሌታው ሀ ናቸው። ጸጋዬ፣ ጽጌና ጽዮን በጸሎቱ ጸ፤ ዓለማየሁና ያዕቆብ በዐይኑ ዐ ይጻፋሉ። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ስሙን በጆሮ ብቻ ሰምታችሁ ለጊዜው ስትገምቱ ነው። የሰውየው መታወቂያ፣ ዲፕሎማና ፊርማ «ንጉሴ» ካሉ ግን ስሙ ንጉሴ ነው፤ በቃ። ወላጅ ያወጣውን፣ መዝገብ የያዘውን ስም የሰዋስው ፈተና አድርጎ ማረም የማንም ሥልጣን አይደለም።

የትግርኛ ስሞች ላይ ይህ አራሚነት የበለጠ ያጠፋል። በትግርኛ «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ» ዛሬም ድምፃቸው የተለያየ ነው። «ሓጎስ» የሚባለውን ባልደረባ «ሀጎስ» ብላችሁ ስትጽፉ ፊደል ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ቀይራችኋል። የመጨረሻው ፊደልም እንዲሁ ነው፦ «ተስፋይ»ን «ተስፋዬ»፣ «ፀጋይ»ን «ጸጋዬ»፣ «ስላሰ»ን «ሥላሴ» ማድረግ እርማት ሳይሆን ስሙን ወደ አማርኛ መገልበጥ ነው። በትግራይ ፀሐዩ ፀ፣ በኤርትራ ደግሞ ጸሎቱ ጸ ስለተለመደ አንዱ ስም እንደ ባለቤቱ አገር ይለያያል። ንጉሡ ሠን ትግርኛ ዛሬ አይጠቀምበትም ማለት ይቻላል፤ እናንተም አትጨምሩበት።

ኦሮምኛ ስም ሲሆን ችግሩ ወደ ላቲን ፊደሉ ይዞራል። በቁቤ «ሲ» ብቻዋን ስትቆም ጭ ናት፤ ች የምትሆነው «ኤች» ስትከተላት ነው። «ኤክስ» ጥ፣ «ኪው» ቅ ናቸው። አናባቢ ሲረዝም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ስለዚህ ጫልቱ የምትባል ባልደረባ ስሟን በሲ ጀምራ፣ ሁለት ኤ አስከትላ፣ በሁለት ዩ ብትጨርስ ተሳስታ አይደለም። ሲዋ ላይ ኤች ጨምሮ፣ «የተደገመ» ያለውን አናባቢ ቀንሶ የሚመልስላት ሰው ነው የተሳሳተው። ሌላዋ ጫልቱ ደግሞ ፓስፖርቷ በእንግሊዝኛው ልማድ በሲ ኤች ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ዱጋሳ የሚለው ስም ላይ የመጀመሪያው ድምፅ በአማርኛ የሌለው ዽ ነው፤ በቁቤ «ዲ ኤች» ተብሎ ይጻፋል፤ ኤቿ ትርፍ አይደለችም።

የተጣመሩ ስሞችን ማሳጠር ሌላው የጥፋት በር ነው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ ብቻቸውን አይቆሙም፤ «የ...» ብሎ እንደማቆም ነው። አብዱልም እንዲሁ፤ አብዱልቃድርን «አብዱል» ብሎ መጻፍ ስሙን ከወገቡ መቁረጥ ነው። የውጭ ሰዎች ንጉሠ ነገሥቱን «ሥላሴ» በሚል የቤተሰብ ስም ሲጠሯቸው ፈገግ እንላለን፤ ቢሮ ውስጥ ግን ገብረ ማርያምን «ገብሬ» ስንለው ያደረግነው ከዚያ አይሻልም፣ እሱ ራሱ ካልፈቀደ በቀር። ኃይለ፣ ኃይሌና ኃይሉም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሯጩ ኃይሌ ነው፤ ሙሉ ስም ነው፣ ተከታይ አይፈልግም። ኃይለ ግን ተከታዩን ይጠብቃል። በላቲን ሲጻፉ ሁለቱ አንድ ስለሚሆኑ፣ ከእንግሊዝኛ ዝርዝር ወደ አማርኛ የሚገለብጥ ጸሐፊ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይሰናከላል።

ስለ ምኅጻረ ቃሉ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፦ በእዝባር አትጻፉ። «ተ/ማርያም» ተክለ ነው ተስፋ ወይስ ተወልደ? «ወ/ማርያም» ወልደ ከሆነ ወንድ፣ ወለተ ከሆነ ሴት ናት። እዝባሯ በኮምፒውተርም ችግር ታመጣለች። አንዳንድ ፎርም አይቀበላትም፤ ሌላው ዘልሎ ሁለቱን ያጣብቃል። በአየር ትኬት ማስያዣ ሥርዓት ውስጥ ደግሞ እዝባር የቤተሰብን ስም ከተሰጠ ስም የምትለይ ምልክት ናት። የባልደረባችሁን የጉዞ ትኬት የምታስይዙ ከሆነ ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ በስብሰባ ከምትጠሩበት ወይም ከደመወዝ ዝርዝሩ አትነሡ።

የላቲን አጻጻፍን በተመለከተ ሕግ የለም ማለት ይሻላል። ለዚያው «ገብረ» ሦስት የታወቁ ምስክሮች አሉ። አብዛኛው ሰው ከ«ቢ አር» በኋላ ኢ ያስገባል። የሯጩ የኃይሌ የአባት ስም ግን በዓለም መድረክ የሚታወቀው ያለዚያች ኢ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ዶክተር ቴድሮስ ደግሞ በ«ጂ ኤች» ይጽፉታል፤ የጣልያን አጻጻፍ ባለፈበት አካባቢ የተለመደ ነው። «ዶክተር ቴድሮስ» ያልኩትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድርጅቱ ራሱ በገዛ ስማቸው እንጂ በመጨረሻው ስም አይጠራቸውም። ውጭ አገር የምትሠሩ ሰዎች ኢሜይሉ የአባትን ስም አስቀድሞ ሲያሳያችሁ «ውድ ከበደ» ብላችሁ ለአባትየው እንዳትጽፉ።

በላቲን አንዲት ፊደል ሰው ትቀይራለች። ፀሐይ ላይ ከመጨረሻዋ «ዋይ» በኋላ ኢ ከጨመራችሁ ፀሐዬ ይሆናል፤ ሴትዮዋን ወንድ አደረጋችኋት ማለት ነው።

እንዴት ይጠየቃል?

በስልክም በአካልም ቀላሉ መንገድ የፊደሎቹን የአብነት ትምህርት ቤት ስም መጠቀም ነው። «በንጉሡ ሠ ነው በእሳቱ ሰ?» «በሐመሩ ሐ ነው በብዙኃኑ?» «በአልፋው አ ወይስ በዐይኑ ዐ?» ሰው ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይቀየምም። ግን ከመጠየቃችሁ በፊት የኢሜይል ፊርማውን፣ በሩ ላይ የተለጠፈውንና የቴሌግራም ስሙን አይታችሁ ኑ። አሥር ጊዜ ጽፎ የላከላችሁን ሰው «እንዴት ነበር የሚጻፈው?» ማለት ሌላ ይቅርታ ያስጠይቃል። የአማርኛውንና የላቲኑን ለየብቻ ጠይቁ፤ አንዱ ከሌላው አይገኝም። መልሱን በወረቀት አትያዙ፤ ራሱ በመልእክት እንዲልክላችሁ አድርጉና እሱን ኮፒ አድርጉ።

ከዚያ አደኑ ይጀምራል። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ ድምፅ ተጋሪ ፊደል የራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው። ለኮምፒውተሩ «ሠ» እና «ሰ» እንደ «ሀ» እና «ለ» የተለያዩ ናቸው። «ሥዩም» ብላችሁ ብትፈልጉ የተሳሳተው «ስዩም» አይመጣም፤ የምትፈልጉት ትክክለኛውን ሳይሆን ስሕተቱን ነው። ስሕተቱም አንድ ዓይነት ላይሆን ስለሚችል ከላይ ያሉትን ዓይነቶች አንድ በአንድ ሞክሩ። ሁሉንም ባንዴ የመተካት ትእዛዝ ግን አትስጡ፤ በዚያው ዝርዝር ውስጥ በእሳቱ ሰ የሚፈርም ሌላ ስዩም ይኖርና እሱን ታበላሹታላችሁ።

ስሕተቱ ተደብቆ የሚኖርባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ዋናው የስልካችሁ ኪቦርድ ነው። ፊደልን እንደ ድምፁ እየመታን የምንጽፍባቸው (ፎነቲክ) ኪቦርዶች በመጀመሪያ ንክኪ የሚያወጡት በብዛት የሚታወቀውን ፊደል ነው፤ ተጋሪውን ለማግኘት መድገም ወይም ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። አንዴ የተሳሳተውን ከጻፋችሁ ደግሞ ተምሮት ራሱ ያቀርብላችኋል። በጂቦርድ ላይ ቃሉ ከላይ ሲመጣ ተጭናችሁ ይዛችሁ ወደ ቅርጫቱ ጎትቱት፤ ይጠፋል። አውትሉክ ላይ የተቀባዩን ስም መጻፍ ስትጀምሩ ከሚመጣው ጥቆማ አጠገብ ያለችውን የኤክስ ምልክት ተጫኑ። ጂሜይል በሚጠቀምበት የአድራሻ መዝገብ (ጎግል ኮንታክትስ) ላይ «ሌሎች አድራሻዎች» የሚለው ክፍል ውስጥ ሳታውቁት የተቀመጠ ይኖራል። ስልካችሁ ላይ ያስቀመጣችሁትን ስምም አትርሱ፤ ቴሌግራም የሚያሳያችሁ ባለቤቱ የጻፈውን ሳይሆን እናንተ የመዘገባችሁትን ነው። የተላከ መልእክት በቴሌግራም እስከ 48 ሰዓት፣ በዋትስአፕ እስከ 15 ደቂቃ ሊታረም ይችላል። ኢሜይል አንዴ ከሄደ ሄደ።

ኤክሴል ላይ የደመወዝና የሠራተኛ ዝርዝሮችን በስም የምታጣምሩ ከሆነ ችግሩ ወደ ገንዘብ ይሄዳል። ቪሉክአፕ (VLOOKUP) የሚባለው የማጣመሪያ ቀመር «ፀሐይ»ን ከ«ጸሀይ» ጋር አያገናኛትም፤ በረድፉ ላይ #N/A የሚል የስሕተት ምልክት ይወጣል። መፍትሔው በሠራተኛ መለያ ቁጥር ማጣመር ነው። ቁጥር ከሌለ አንድ ረዳት ዓምድ አበጁ፤ ተጋሪ ፊደሎችን በሙሉ ወደ አንድ የሚመልስ። የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐና የፀ ሰባት ሰባት ፊደሎች፣ በዚያ ላይ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስ ሲጨመር፣ ዲቃሎቹን ሳይቆጥር 37 ምትክ ይሆናል። ዓምዱ ለፍለጋ ብቻ ነው፤ ደብዳቤም ሆነ የምስክር ወረቀት ከእሱ እንዳይታተም ደብቁት። ከዚህ ዓምድ በቀጥታ ታትሞ የወጣ የምስክር ወረቀት የብዙ ሰው ስም በአንድ ጊዜ ያሳስታል።

አሁን ይቅርታው። ለእኩያ እንዲህ ይበቃል፦

«ሥዩም፣ እስካሁን በላክሁልህ ኢሜይሎች ስምህን በእሳቱ ሰ ስጽፍ ነው የቆየሁት። አንተ በንጉሡ ሠ እንደምትጽፈው ማየት ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ። የሥልጠናውን ዝርዝርና የግሩፑን ፋይል አስተካክያለሁ።»

በዕድሜ ወይም በኃላፊነት ለሚበልጥ ሰው ከሆነ መጀመሪያ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄዶ በቃል መናገር ይቀድማል፤ ጽሑፉ ይከተላል፦

«ወይዘሮ ኂሩት፣ ባለፉት ሁለት ቃለ ጉባኤዎች ላይ ስምዎን በሃሌታው ሀ አሳስቼ ጽፌአለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ እርማቱ በቃለ ጉባኤ ይያዛል።»

ሁለቱ ላይ «ምክንያቱም» የለም። «ኪቦርዱ ነው»፣ «ድምፁ አንድ ስለሆነ»፣ ከሁሉ የከፋው «ስምህ ትንሽ ይከብዳል» የሚባሉት ሁሉ ጥፋቱን ወደ ስሙ ይገፋሉ። በተለይ ቋንቋው ከእናንተ ለተለየ ባልደረባ የመጨረሻዋን መናገር ስድብ ነው። ቀልድም አይሄድም። ማራዘምም እንደዚሁ፤ አንድ ገጽ ሙሉ ከተጸጸታችሁ ሰውየው የገዛ ስሙን ጉዳይ ትቶ እናንተን ማጽናናት ይጀምራል። «ኧረ ምንም አይደል» ይላችኋል፤ ሁሉም እንዲህ ይላል፤ ጨዋነት ነው። ያንን ሰምታችሁ እርማቱን እንዳትተዉ።

ስሕተቱ ለብዙ ሰው በሲሲ የተላከ ከሆነ ይቅርታው ለብቻው፣ እርማቱ ለሁሉም ይሁን። እርማቱ አንድ መስመር ነው፦ «እርማት፦ በላክሁት ዝርዝር ተራ ቁጥር 3 ላይ ያለው ስም ፀጋይ ተብሎ ይነበብ።» የተሳሳተውን እዚያው አትድገሙት። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ በይቅርታው ውስጥ ያለውን ስም ፊደል በፊደል አንብቡ። ይቅርታው ውስጥ ደግሞ የሚሳሳት ሰው አለ፤ ስልኩ ነው የሚያሳስተው።

ይፋዊ ሰነድ ላይ ያለው በይቅርታ አይዘጋም። የወጣ ደብዳቤ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድለትም፤ በአዲስ ቁጥርና ቀን ይጻፋል፣ የቀድሞውን የሚጠቅስ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመርበታል። የምስክር ወረቀት እንደገና ይታተማል፣ የተሳሳተው ተመልሶ ይመክናል። ደመወዝ፣ ጡረታና ባንክ ሒሳብ ላይ ያለውን የሰው ሀብት ክፍሉ በደብዳቤ ያስተካክል፤ ባልደረባችሁን «አንተው ሂድና አስተካክል» አትበሉት፣ ስሕተቱን የሠራው መሥሪያ ቤቱ ነው። ባንኮች ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) በሚጠይቁበት በዚህ ጊዜ ሁሉም ሰነድ እዚያ እንዳለው ቢሆን ጣጣውን ይቀንሳል። ፋይዳው ላይ ያለው ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ግን ባለቤቱ ካላሳረመው በቀር ማንም አይነካውም።

ሌላ ሰው፣ ምናልባት አለቃችሁ፣ የአንዲትን ባልደረባ ስም ሲያሳስት ብታዩ በስብሰባ መሐል አታርሙት። ቀጥሎ በምትልኩት መልእክት ላይ ስሟን አስተካክላችሁ ጻፉ፤ ካልገባው ለብቻው «በዐይኑ ዐ ነው የምትጽፈው» በሉት። ከይቅርታው በኋላ እናንተው እንደገና ከተሳሳታችሁ ደግሞ ሁለተኛ የይቅርታ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ በዚያው ሰዓት «ደገምኩት፣ አስተካክያለሁ» ብላችሁ ላኩና ኪቦርዱን እንደገና ፈትሹ። ብዙ ጊዜ የቀረው በሌላኛው ስልካችሁ ወይም በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ነው።